ገላጋይ

ሚትሮቪጻ ከተማ፤ ጥር ነው፣ ሌሊት ነው፤
ከድልድዩ ወገብ ተረኛው እኔ ነኝ፣ ብርዱም ተረኛ ነው።
ከእግሬ ሥር የኢባር ወንዝ ጥቁር ውሃ ይነዳል፤
ከዚህም ከዚያም ዳር ጉድፉን ተቀብሎ፣ ሳያማርር ይሄዳል።
በሰሜን ሰርቦች፣ በደቡብ አልባኖች፣
በመሃል እኛ አለን፣ የሃያ አገር ልጆች፤
መለዮአችን ሰማያዊ፣ እንግሊዝኛችን ስብርብር፣
ሥልጣናችን ሦስት ቃል፦ ተመልከት፣ መዝግብ፣ ንገር።

ጓዴ ዋይሳሌ ይባላል፤ ከፊጂ ደሴት ነው፤
በረዶን በዓይኑ ያየው ዘንድሮ ገና ነው።
ሁለት ካልሲ ደርቦ መዝሙር ያጉረመርማል፤
ድንገት ዞር ይልና፣ «በናንተ ቋንቋ ሥራችን ምን ይባላል?» ይላል።

ምን ልበለው?
በኛ ሰፈር፣ ሁለት ሰው ሲያያዝ፣
ገላጋይ ቅጽ አይሞላም፣ አይጠብቅም ትእዛዝ፤
ዘሎ መሃል ይገባል፤ ያለው አንድ ጀርባ ነው፣
ዱላው ግን ከሁለት ነው፤ የማን እንዳረፈበት ለይቶ አያውቀው።
እዚህ ገላጋይ አበል አለው፣ ፈረቃ አለው፣
ሰፈሩን ሲለምድ፣ በስድስት ወሩ ሌላ የሚተካው።
የሚመጣው አዲሱ መንገድ ይጠይቃል፤
የተቃጠለውን ቤት ጅምር ቤት መስሎት ያልፋል።

በኅዳር ነው። ከማዶ የሰዓት ሠሪው የሃይሪዝ ቤት ነደደ።
ሰዓቱን ጻፍን። የነፋሱን አቅጣጫ፣
የመስኮቶቹን ቁጥር፣ የጭሱን መውጫ።
ራዲዮው «ጠብቁ» አለን።
ጠበቅን።
እስኪነጋ ጠበቅን።
ቤቱን ግን አልጠበቅነውም።
በነጋታው ሃይሪዝ አመዱን በማንኪያ ሲያበጥር አየሁት፤
ጥርስ ያላቸው ጥቃቅን ጎማዎች እየለቀመ
መሀረብ ላይ ይደረድራል።
ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ዛሬ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ከደቡቡ ጫፍ ሁለት ሰው መጣ፣ አንዱ አንዱን ደግፎ፦
ሚህሪዬ፣ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ፤
ባሏ አግሮን፣ በቤት ጫማ፣ ካልሲው በረዶ ጠጥቶ።
ማዋለጃው ያለው ከወዲያ ነው፣ ከሰሜን።
ራዲዮውን ጠየቅሁ። «ጠብቁ» አለን።
ምጥ «ጠብቅ» አያውቅም።
መመሪያው አሻግሩ አይልም፣ አታሻግሩም አይልም፤
እሱ ሲጻፍ፣ ያማጠ ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም።
ዋይሳሌ መዝሙሩን አቋረጠ፤
አግዳሚውን ብረት በትከሻው አነሣው።

ከሰሜኑ ራስ፣ ታክሲው ውስጥ የሚያንቀላፋው ስላቪሻ
መብራቱን አበራ። ሲጋራውን ጣለ።
ጃኬቱን አውልቆ ከኋላ ወንበር አነጠፈ፤
አንድ ቃል አልወጣውም።
አግሮን ግን ከድልድዩ እኩሌታ እግሩ አልሄድ አለ፤
መታወቂያው ላይ ያለው ስሙ
ከእሱ ቀድሞ ይሻገራልና።
እሷ ሄደች። እሱ ከኛ ጋር ቀረ።

ሦስት ሆነን ጠበቅን። ከፔርሙዜ ሻይ ቀዳሁለት፤
እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን በረዶው ጠጣው።
ሊነጋጋ ሲል፣ ከማዶ፣ የታክሲው መብራት
ሁለት ጊዜ ጠፍቶ በራ።
ማንም ምልክት አልተቃጠረም፤ ግን ገባን።
አግሮን ዋይሳሌን አንቆ ሳመው፤ መለዮው ወንዝ ገባ።

«ተገላገለች» አልኩ፣ በራሴ ቋንቋ።
ያኔ ነው ለዋይሳሌ መልስ የመጣልኝ፦
በኛ ዘንድ፣ የተጣላ የሚያላቅቀውም፣ የወለደችውም
ከአንድ ግሥ ነው የሚቀዱ።
እኛ ስንት ዓመት ገላገልን፤
ከተማዋ ገና አልተገላገለችም።
ምጥ የያዛትን ሴት ግን
«ሞታለች» ብሎ የሚሄድ አዋላጅ የለም።

ሪፖርቱ ላይ «የተለየ ነገር የለም» ብዬ ፈረምኩ።
የጠፋ ንብረት፦ አንድ መለዮ። ምክንያት፦ ነፋስ።

በሳምንቱ የስላቪሻን ታክሲ መስታወት በድንጋይ ሰበሩት።
ሰዓቱን ጻፍኩ። የድንጋዩን መጠን ጻፍኩ።
ከዚያ ብዕሬን ኪሴ ከትቼ፣
ከዋይሳሌ ጋር መጥረጊያ ይዘን ወረድን።
ስላቪሻ አላመሰገነንም፤
በጣቱ ብቻ፣ ከጎማው ሥር፣
እዚያም አለ፣ እዚያም፣ እያለ አሳየን።